የላም በዓል እንግዳ

ሰው አላምንም፤ ይህን ስናገርም አላፍርም። ወተት ሻጩ በጠዋት ፈገግ ካለልኝ ዛሬ ውሃ አብዝቶበታል ብዬ አስባለሁ። ጎረቤቴ ያለወትሮዋ «ሄራ፣ ምነው ከሳሽ?» ካለችኝ ምን ፈልጋ ይሆን እላለሁ። ስለዚህ ያ ሽማግሌ ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት ግቢያችን ገብቶ ከቧንቧው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲል፣ መርፌዬን ከጨርቁ ሳላወጣ ነው በዓይኔ የያዝኩት።

ግቢው ካትማንዱ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ነው። ዙሪያውን ቤቶች የከበቡት፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ቤተ መቅደስ ያለው፣ ርግብ የሚጫወትበት ግቢ ነው። በየዓመቱ በክረምት፣ የላም በዓል ሲደርስ፣ የእኛ ሰዎች የጥበብ ሳምንት የሚሰናዳው እዚያ ነው። የእኛ ሰዎች ስል እንደ እኔ በወንድ ገላ ተወልደን በሴትነት የምንኖረውን፣ ወንድ ሆኖ ወንድ የሚወደውን፣ ሴት ሆና ሴት የምትወደውን ሁሉ ማለቴ ነው። አንዱ ሥዕሉን ይሰቅላል፣ ሌላው ቴአትሩን ያሳያል፣ ዘፋኙ ይዘፍናል፤ በመጨረሻም በላም ቀን ተሰልፈን ጎዳና እንወጣለን። ቀኑን የመረጥነው በዘፈቀደ አይደለም። በዚያ ቀን፣ በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት ሁሉ ላም እየነዳ፣ ላም ያጣም ልጁን ላም አስመስሎ ከተማውን ይዞራል። ላሟ የሟቹን ነፍስ ጅራቷን አስይዛ የወዲያኛውን ዓለም በር ታስከፍትለታለች። ያዘነው ሕዝብ እንዲስቅ ደግሞ ማንም የፈለገውን ቢለብስ፣ በፈለገው ቢቀልድ አይከለከልም። ወንዱ ሁሉ ቀሚስ ለብሶ፣ ከንፈሩን አቅልቶ ይወጣል። በዓመት አንድ ቀን ሌላው እኛን ሲመስል፣ እኛም ራሳችንን ሆነን እንወጣለን።

የሰልፉን ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ስሜ ሄራማያ ነው፤ ሁሉም ግን ታላቅ እህት ለማለት ሄራ ዲዲ ይሉኛል። ዘንድሮ ከሰፋሁት ሁሉ የምሳሳለት የሱናያና ቀሚስ ነበር። ሱናያና ቲሚ ከምትባል ጎረቤት ከተማ፣ ከቤተሰቧ ሸሽታ እኔ ዘንድ የገባች፣ ስትጨፍር ከበሮ መቺውን የራሱን ምት የምታስረሳ ልጅ ናት። እስካሁን በሰልፉ የጨፈረችው በጭምብል ነው። አጎቶቿን ትፈራለች። ዘንድሮ ግን «ዲዲ፣ በቃኝ። አንድ ቀን እንኳ ፊቴ ይታይ» አለች። የበዓሉ ማስታወቂያ ላይም ፎቶዋ ወጣ፤ ከወር በፊት በከተማው ግድግዳ ሁሉ ተለጠፈ። እኔም የሚነካሽ ቢመጣ በእኔ ሬሳ ላይ ተራምዶ ነው ብዬ ቃል ገባሁላት።

ቃል የገባሁት ያለምክንያት አይደለም። ዓምና ሉማንቲ የምትባል ጨፋሪ ነበረችን። ወንድሞቿ የአበባ ጉንጉን ይዘው፣ ጥርሳቸውን እያሳዩ መጡ። «እናታችን ናፍቃሻለች» አሏት፤ አመነቻቸው፤ ታክሲ ውስጥ ገባች። ፀጉሯን ሸልተው፣ የማታውቃትን ሚስት አጋብተው፣ አንድ ገጠር ውስጥ አስቀምጠዋታል ሲባል ሰማን። ስልኳ ከዚያ ወዲህ ጠርቶ አያውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን ያየሁት እባቡን ራሱን ነው።

«ኒስቻል፣ ያ ሽማግሌ ማነው?» አልኩ።

«የቱ?»

«ቧንቧው ጋ ያለው። ጥቁር ኮፍያ ያደረገው፣ ጃንጥላ የታቀፈው።»

ኒስቻል የበዓሉ አዘጋጅ ነው። የተማረ፣ ወንድ ጓደኛውን እጁን ይዞ በአደባባይ የሚሄድ፣ ልቡ ንጹሕ የሆነ ልጅ ነው። ልበ ንጹሕ ሰው ደግሞ በር እንደሌለው ቤት ነው፤ ሁሉም ዘው ይልበታል።

«ተመልካች ነዋ ዲዲ። ልምምዱ እኮ ለሁሉም ክፍት ነው። በራፉ ላይ ‹ሁላችሁም ኑ› ብለን ጽፈን የለ?»

«ጅብም ማንበብ ከቻለ ይመጣል።»

«አንቺ ደግሞ! ሽማግሌ ሰው እኮ ነው።»

«ጅብ አያረጅም ያለህ ማነው?»

ስቆ ሄደ። እኔ አልሳቅኩም። ሽማግሌው ሥዕሎቹን አላየም፣ ዘፋኞቹን አልሰማም። ዓይኑ የሚሄደው ወደ ደረጃው ነበር፤ ጨፋሪዎቹ የሚለማመዱበት አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው። ሱናያና በጠዋት ትወጣለች፣ የምትወርደው ሲመሽ ነው። እሱ ደግሞ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠው እያለ በጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ አልተያዩም።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ያው ድንጋይ ላይ፣ ያው ጃንጥላ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሥራዬን ትቼ ሄድኩና አጠገቡ ቆምኩ።

«አባባ፣ ምን ይሆን የሚጠብቁት?»

«ዝናቡን ነው ልጄ።»

«ዝናብ እኮ የለም።»

«እስኪመጣ ነዋ።»

ግራ ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ። ቀልዱ ደስ አላለኝም ብል ዋሾ ነኝ፤ ግን ሰው የሚያስቅ ሌባም አለ።

«ሥራዎ ምንድነው?» አልኩት።

«ጨርቅ እነግዳለሁ» አለ።

«ይኸውላችሁ! ሰው በቤቴ ተቀምጦ እኔ ገበያ እዞራለሁ!» አልኩና ሮጬ ከእቃዬ መሃል አንድ ቁራጭ አምጥቼ ጭኑ ላይ ዘረጋሁለት። «ይህን ሐር እስኪ ይዩልኝ። የቻይና ነው የሕንድ?»

በመዳፉ ዳበሰው። ወደ ብርሃኑ አነሳው። በጥርጣሬ ሳይሆን በአክብሮት አየው።

«ጥሩ ሐር ነው» አለ። «የሕንድ ሳይሆን አይቀርም።»

ናይሎን ነበር፤ ያውም የበር መጋረጃ የተረፈው። አመስግኜ ጠቅልዬ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ስፌት ሁለቴ ነው የፈታሁት።

ከኋላዬ ጠራኝ። «ልጄ፣ ያቺ ግድግዳው ላይ ፎቶዋ ያለው… የጨፋሪዎቹ መሪ… እዚህ አትመጣም እንዴ?»

«ያቺ? ፖካራ ናት» አልኩት። «ለበዓሉ ብቻ ነው የምትመጣው።»

እሱም ዋሸኝ፣ እኔም ዋሸሁት፤ ተካካስን።

በሦስተኛው ቀን እርጎ ይዞ መጣ። ሰፊ የሸክላ ገበታ ሙሉ፣ ከላዩ ወፍራም አረቦት የያዘ፣ በክር የታሰረ። «ለልጆቹ ነው፤ ጭፈራ ያደክማል» ብሎ ደረጃው ስር አስቀመጠው። ከዚያ ወደ በሩ ሲሄድ ዘወር ብሎ «ዕቃውን አትጣሉት፤ እቶን ውስጥ በደንብ የተተኮሰ ነው» አለ።

«ማንም እንዳይነካው!» ብዬ ጮኽኩ።

ኒስቻል አፉን እየጠረገ ቀና አለ። «ምኑን?»

ግማሹን በልቶታል። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ሳይ ዋልኩ። ገረጣ ብዬ፣ ላበው ብዬ፣ አሁን ይወድቃል ብዬ። አመሻሹ ላይ መጥቶ «ዲዲ፣ የቀረውን ልጨርሰው?» አለኝ። መርዝ አልነበረበትም። እኔን የከነከነኝ ግን እርጎው ሳይሆን ዕቃው ነበር። ዕቃው በደንብ የተተኮሰ ነው የሚል ጨርቅ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ቲሚ ደግሞ የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ናት።

ሱናያና ከፎቅ ስትወርድ ጠብቄ ያዝኳት።

«አባትሽ ሥራው ምን ነበር?»

«ሸክላ ሠሪ ነው። ምነው?»

«ምንም። ነገ ግን ጭምብል ታደርጊያለሽ። ላኬውን።»

ላኬ ማለት ፊቱ ቀይ፣ ጥርሱ ያፈጠጠ፣ ፀጉሩ እንደ ጭራ የተንዠረገገ ጭራቅ ነው። ከባድ ነው፤ ውስጡ ያለ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። ሱናያና እንደ ዋዛ ሳቀች፤ ከዚያ እኔ እንደማልስቅ አየች።

«ቃል ገብተሽልኛል!»

«ገብቻለሁ።»

«ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት እኮ ለዚህ ነው። ፊቴን ልደብቅ ከሆነ ቲሚ ምን አስወጣኝ? እዚያም እኮ ተደብቄ ነበር የምኖረው!»

«አንድ ሽማግሌ አለ» አልኳት። «ጨርቅ እነግዳለሁ ይላል፤ ናይሎኑን ሐር ነው አለኝ። ስለ አንቺ ጠየቀኝ። እርጎ አመጣ።»

ፊቷ ተለወጠ። «ጆሮውን ያሻል? ግራውን?»

«ያሻል» አልኩ።

«ሲጨነቅ ነው የሚያሸው» አለች ቀስ ብላ፣ ደረጃው ላይ እየተቀመጠች። «አባቴ ነው። ዲዲ፣ አንድ ቀን እንኳ መትቶኝ አያውቅም። የሚመቱኝ አጎቶቼ ነበሩ። እሱ ውጭ ይወጣ ነበር።»

«እሱን ነው የምፈራው። የማይመታው ነው በሩን የሚከፍተው።»

ይህን ስል ልቧን እንደሰበርኩት አውቃለሁ። ግን የሉማንቲም ወንድሞች አልመቷትም፤ አበባ ነው ያመጡላት። ሱናያና እጇን ዘረጋችና ጭምብሉን ወሰደች። ፊቷ ላይ ለክታ እንኳ አላየችውም፤ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣው ሄደች።

በዓሉ ነጋ። ካፊያ ነበር። ዘንድሮ ሞት በዝቶ ነው መሰል ጎዳናው በላም ሞልቷል፤ የወረቀት ቀንድ ያደረጉ ልጆች፣ ፂም የተሳለላቸው ሕፃናት፣ የሟች ፎቶ ያቀፉ እናቶች። በየደጃፉ የቆሙት ሰዎች ላም ባለፈ ቁጥር «ላሟ ለማን ናት?» ይላሉ፤ ስሙ ይነገራቸዋል፤ «በሩ ይከፈትለት» ብለው ወተት ወይም የተጨፈለቀ ሩዝ ወይም ሙዝ ይሰጣሉ። እኛ ከሰልፉ ጅራት ነበርን፤ ከበሮ፣ ባንዲራ፣ የወረቀት ክንፍ፣ የእኔ የክረምት ሥራ ሁሉ። ሱናያና ቀይ ጭራቅ ሆና ከፊት ትጨፍራለች። እኔ ከጎኗ፣ ዓይኔ ሰው ላይ።

አንድ የሰከረ ጎረምሳ ከበረንዳ ላይ «እናንተዬ፣ ከመሃላችሁ ወንዱ የትኛው ነው?» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ካልሆንክማ እኛም እየፈለግን ነው!» አልኩት። መንገዱ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። የላም ቀን እንዲህ ነው።

ወደ ቤተ መንግሥቱ አደባባይ የሚታጠፈው ማዕዘን ላይ ስንደርስ አየሁት። ሽማግሌው ነው። ጃንጥላውም ጥቁር ኮፍያውም የለም። ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ለብሷል፤ ራሱ ተላጭቷል፤ በእጁ የከሳች ነጭ ላም በገመድ ይዟል። በላሟ አንገት ላይ ፎቶ ተንጠልጥሏል፣ በቢጫ አበባ ጉንጉን የታጀበ።

ፎቶው የትምህርት ቤት ነው። ከረባት ያሰረ ጉርምስና የጀመረው ልጅ፤ አገጩ ላይ ጥቁር ነጥብ አለችው። ዓይኖቹን በየትም አውቃቸዋለሁ፤ በየበዓሉ ኩል የምቀባቸው ዓይኖች ናቸው።

አልቅሰውላታል ማለት ነው። በሕይወት እያለች ለቅሶ ተቀምጠው፣ ራስ ተላጭተው፣ ላም ነድተውላታል። ይህን ያደረጉት ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። አስቀድሞ የተለቀሰለት ሰው ቢገደል የሚጠይቅ የለም። ፎቶው አበባ ለብሶ ሕዝብ ሁሉ አይቶታል፤ የቀረው ሬሳው ብቻ ነው።

«ኒስቻል!» አልኩ ክንዱን ቆንጥጬ። «ልጅቷን በኋላ መንገድ፣ በአትክልት ተራ በኩል ይዘሃት ውጣ። አሁን!»

ኒስቻል ፎቶውን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረኝም። ግን ሱናያና ቆማ ነበር። ከበሮው ይመታል፣ ሌሎቹ ይጨፍራሉ፣ ቀዩ ጭራቅ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላሟ ያያል። ጭምብሉ ይስቃል፤ ውስጡ ያለችው ምን እንደሆነች አይታይም። ኒስቻል እጇን ቢስባት አልነቃነቅም አለች።

እኔ ቀደምኳት። ሽማግሌው ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«አባባ፣ ጨርቁ አልሸጥ ቢል ላም ጀመሩ?»

ደነገጠ፤ እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። «ይቅር በይኝ ልጄ። ዋሽቼሻለሁ።»

«እሱንስ ያወቅኩት በናይሎኑ ቀን ነው። ይሄ ማነው?»

«ልጄ ነው።»

«ሞቷል?»

«በሬሳው ፈንታ የሣር ሰው ሠርተን አቃጥለነዋል» አለ። «አሥራ ሦስት ቀን ተቀምጬለታለሁ። ኮፍያ አድርጌ የመጣሁት የተላጨ ራሴን እንዳታዩት ነው።»

«ምን አድርጓችሁ ነው በሕይወት ያለ ሰው የምታቃጥሉት?»

ዘወር ብሎ ከኋላው አየ፤ እኔም አየሁ። ጥግ ባለው፣ በሥጋ የተሞላ ሊጥ በሚሸጠው ሞሞ ቤት ታዛ ስር ሁለት ሰዎች ቆመው ይበላሉ፤ እግራቸው ስር በሣር የተጠቀለለ ሸክላ አለ።

«እነዚያስ? አጎቶቿ ናቸው?»

«አይደሉም፤ ያገሬ ሰዎች ናቸው። ሊሸጡ የመጡ ናቸው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ያንን ማስታወቂያ ወንድሞቼ አዩት። በበዓሉ ቀን መጥተው፣ ፀጉሯን ሸልተው ሊወስዷት ተማማሉ። መኪና ሳይቀር ተነጋገሩ። እኔ ሁልጊዜ ውጭ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አልወጣሁም። ‹ለእኔ ልጁ ሞቷል፤ የሞተ ሰው ቤት አይገባም፤ ኑ እናቃጥለው› አልኳቸው። ደስ አላቸው! አሁን ገና ልብ ገዛህ አሉኝ። ሣሩን ራሳቸው አጨዱልኝ።»

«እና?»

«እናማ የተቃጠለን ሰው ተመልሶ ቤት የሚያስገባ የለም። መንፈስ ነው። ስሙን መጥራት አይችሉም፣ መንገድ ላይ ቢያዩትም ዞር ማለት አለባቸው። ወንድሞቼ ከውርደት ይልቅ መናፍስት ይፈራሉ። ዛሬ ጠዋት ቲሚ ውስጥ አብረውኝ ላም ነዱ፤ ሕዝብ አየ፤ አለቀ። ይቺን ላም ግን ለብቻዬ ነው ያመጣኋት። እሷ እንድታውቅ ነው። ከእንግዲህ የሚፈልጋት የለም። ግቢያችሁ የመጣሁት አስቀድሜ ልነግራት ነበር፤ አቃተኝ። ሰው ልጁን እንዴት ብሎ ‹አቃጥዬሻለሁ› ይላል?»

አመንኩት ማለት አልችልም። ተረቱ ሲያምር የበለጠ የምጠረጥር ሰው ነኝ። ዓይኔ ከእሱ ትከሻ በላይ መኪና ይፈልጋል፣ ወንድሞቹን ይፈልጋል። ውስጤ ግን የነደደው ሌላ ነገር ነበር፤ እውነቱን ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው አልኩ።

«አባባ፣ እኔም አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኩት። «ነፃ አወጣኋት ነው የሚሉት። ነገ አንዱ ባለጌ ደብድቦ መንገድ ዳር ቢጥላትስ? ፖሊስ ቤታችሁን ቢያንኳኳ ‹የእኛማ ልጅ ከሞተ ቆየ› አይደለም የምትሉት? እስር ቤት ብትገባ ስንቅ የሚያቀብላት፣ ብትታመም አልጋዋ ጋ የሚቆም ማነው? ፈላጊ አጠፋሁላት ይላሉ። ጠያቂም እኮ ነው ያጠፉባት!»

እጁ ጆሮው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ይሄን አላሰብኩትም» አለ። አፉ ትንሽ ተከፍቶ ቀረ፤ ሰው እንዲህ ሆኖ ሲሸመግል አይቼ አላውቅም። የተላጨ ራሱ በካፊያው ረጥቦ ያብረቀርቃል። «አላሰብኩትም፣ ልጄ።»

በዚህ ጊዜ ከጎኔ ጭምብሉ ወረደ።

ሱናያና ጭራቁን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። ፀጉሯ ተጣብቋል፣ ኩሉ ወርዶ ጉንጯ ላይ ነው። ይሄ ነበር ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ፊት! ሕዝቡ ግን አንዱም አላወቀም፤ ደጃፍ ላይ የቆመች ሴትዮ ብቻ አዘነችላት መሰለኝ፣ ለላሞቹ ከያዘችው ወተት አንድ ኩባያ ቀድታ ሰጠቻት። ሱናያና ኩባያውን ይዛ ወደ አባቷ ሄደች፤ የማያውቁት መንገደኛ ፊት እንደሚቆሙ ቆመች።

«ላሟ ለማን ናት አባባ?»

«ለልጄ። ለወንድ ልጄ።»

«ስሙ ማን ነበር?»

ነገራት። እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙ ተቃጥሏል።

«በሩ ይከፈትለት» አለችና ኩባያውን ለላሟ አቀረበች። ላሟ ጠጣች። ከጠጣች በኋላም ሱናያናን እጇን ላሰቻት። ሞቷን በገዛ እጇ ወተት ስታጠጣ ሳይ ዓይኔ አላስችል አለው፤ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ወተት የሰጠ ሰው ገለል ይላል፣ ሰልፉም ያልፋል። እሷ ግን ገለል አላለችም።

«ሌላ ልጅ አለዎት?» አለች።

«ተይ አንቺ ልጅ!» አልኩ በሹክሹክታ። ሞሞ ቤቱ ስር ያሉት ሁለቱ መብላታቸውን ትተው ነበር። ከዚህ የወጣ ቃል ሳይመሽ ቲሚ ይደርሳል። የለኝም ካለ ታልፋለች፣ ግን ለዘላለም ጠያቂ የላትም። አለኝ ካለ አጎቶቿ ይሰማሉ። እውነቱን ለመናገር፣ የለኝም እንደሚል እርግጠኛ ነበርኩ። ውጭ የሚወጣ ሰው ነው።

ያገሩን ሰዎች አየ። እኔን አየኝ፤ እኔን ለምን እንዳየኝ አላውቅም። ከዚያ እጁን ከጆሮው አወረደ።

«አለችኝ» አለ፣ ከበሮው ሳይቀር እንዲሰማ አድርጎ። «ሴት ልጅ አለችኝ። ስሟ ሱናያና ነው። ወንድ ልጄን አቃጥያለሁ፣ እሱን የሚፈልገው የለም። ሴት ልጄን የነካ ግን ጠያቂ አላት፤ እኔ ነኝ የምጠይቀው! ንገሯቸው!»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ በአፌ እንጂ በልቤ አንቱ ብያቸው አላውቅም ነበር።

ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው፣ ሸምገል ያለው፣ ሳህኑን አስቀምጦ ወደ መንገዱ ወጣ። ተሳዳቢ አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ያዘነ ይመስል ነበር።

«ሳኑካጂ» አላቸው፣ «ምን ነካህ? ወንድ ልጅህን በገዛ እጅህ አቃጠልክ። የዛሬውን ቃልህን ወንድሞችህ ሲሰሙ ደግሞ የሚቀርብህ አይኖርም። የአባትን ሬሳ የሚያቃጥለው ወንድ ልጅ ነው፤ ስትሞት እሳቱን የሚለኩስልህ ማነው?»

ሽማግሌው የላሟን ገመድ አንሥተው ለሱናያና ሰጧት።

«እሷ ናታ» አሉ።